የጮራ ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ልጅ ኪሩቤል አዘዞ ባለው ቤታችን ምንጣፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ የሥዕል መጽሐፍ ያነብ ነበር። አባቱ ከጎንደር ፒያሳ የገዛለት ነው፤ ገጹ በትንንሽ መስኮት የተከፋፈለ፣ ሰዎቹ የሚናገሩት በነጭ ደመና ውስጥ የተጻፈ። አንድ ጎረምሳ ካባውን እያውለበለበ በተራራ ላይ ይበራል። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩና ሳላስበው፣ "ይኼኛውን አትመነው፤ ክፉ ነው" አልኩት። "እማማ ደግሞ! ዋናው አክተር እኮ ነው!" አለኝ። "ምን አክተር አለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው" ብል ልጁ እየተንከባለለ ሳቀብኝ። "ወደ ጎን ስለዞረ ነዋ! ሌላው ዓይኑ በዚያ በኩል አለ።"

ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ከሰማሁት ሰባ ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረው፤ የተናገረው ልጅ ደበሎ ለባሽ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ በቀለም የተለወሰ። ኪሩቤል ወደ ንባቡ ተመለሰ፤ እኔ ግን ውኃ የምጠጣ መስዬ ጓዳ ገባሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ስንቱን የሰው ልጅ "እውነቱን ተናገር" እያልኩ ጆሮውን ቆንጥጬ አሳድጌአለሁ። የራሴን ጆሮ የቆነጠጠ ግን አልነበረም። ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ ይኼ ደግሞ አንዴ ከተነሣ በቀላሉ የሚተኛ አይደለም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ ካለው ግቢያችን የፈላ የቆዳ ሙጫ ሽታ ጠፍቶ አያውቅም፤ ዛሬም አናጢ ቤት አጠገብ ሳልፍ ያ ሽታ ድንገት ይመጣና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያደርገኛል። አባባ የሚሥለው በአቡጀዲ ላይ ነው፤ አቡጀዲው ሲያልቅ ተጠቅልሎ በአህያ ወደ ደብሩ ይሄድና በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። እኔ ፊደል ሳልለይ የለየሁት አንድ ነገር ነበር። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ከሀዲ፣ ገራፊ፣ ሰይጣን ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እናቴ እንኳ ጎረቤት ስታማ "እሷን ተዋት፣ ባለ አንድ ዓይን ናት" ትል ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ደኅና ናቸው።

ያን ጊዜ ጣሊያን ከሄደ ብዙም አልቆየም። ፒያሳ ጥሎት የሄደው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ በረንዳው ሰፊ የሆነው ቡና ቤት። ቡና ቤቱ ግራሞፎን ነበረው። መርፌው ስለደነዘዘ ዘፋኟ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዛት ትመስል ነበር፤ ቢሆንም በረንዳው ሥር ሳይቆም የሚያልፍ ሰው አልነበረም። የመሥሪያ ቤት ሰዎች በነጠላቸው ላይ ካፖርት ደርበው ይንጎራደዳሉ። ከወታደር የተረፈ ካኪ ቁምጣ የለበሰ ልጅ ከተገኘማ የሰፈሩ አዛዥ እሱ ነው። ዛሬ ባጃጅ ተደርድሮ የሚጮህበት ማዕዘን ላይ አያ ጓዴ የሚባሉ ባለሱቅ ነበሩ። በአምስት ሳንቲም አራት ከረሜላ ይሰጡ ነበር፤ ከሣቁ ደግሞ አምስት። የስሙኒ ስኳር ለእኛ ቤት ሳምንት ይበቃል። ያን ስኳር የሚጠቀልሉት አንድ ጣሊያን ሲሄድ በሣጥን ሙሉ በሸጠላቸው አሮጌ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱም ሥዕል ነበረበት።

ጮራን ያገኘሁት ስኳር ተጠቅልሎበት ነው። ጮራ ያልነው እኛ ነን፤ እውነተኛ ስሙን በማናነበው ፊደል ማን ያውቃል! ዐሥራ አምስት ወይም ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። መዳፉን ሲከፍት ጨረር ይወጣል፤ በጨረሩ ገደል ይሻገራል፣ ብዙ አንገት ካለው አውሬ ጋር ይታገላል፣ የታሰረ ይፈታል። ታሪኩ ተከታታይ ነበር፤ እኛ ግን የምናገኘው አያ ጓዴ እጃቸው እንደገባላቸው ስለሆነ በአንዱ ሳምንት ስኳር ይሞታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስኳር ሠርግ ላይ ይገኛል። ወረቀቱን በመዳፌ አስተካክዬ፣ የቀረውን ስኳር ልሼ፣ ከደረቴ ሸጉጬ ወደ ቤት እሮጣለሁ። የማሳየው ለፈንታ ነበር።

ፈንታ የአባባ ተማሪ ነው፤ ከጃናሞራ የመጣ። ባሏ የሞተባት እናቱ ሦስት ቀን በእግሯ መጥታ አባባ እግር ላይ ወድቃ፣ "የኔታ፣ አባት የለው፣ መሬት የለው፤ ያለው እጁ ብቻ ነው" ብላ ሰጥታው ስትሄድ እኔ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። በእውነትም ያለው እጁ ነበር። ብሩሽ በጥርሱ ነክሶ ቀለም ይፈጫል፣ ሙጫ ያፈላል፣ አኮፋዳውን አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሹን ለምኖ ይበላል፤ ከሰል ሲያገኝ ግን ድንጋዩም ግድግዳውም አይቀረውም። ፊደል የቆጠረው ዘግይቶ ስለነበረ ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው ይመስላል። እኔ ደግሞ የአባቴ ልጅ፣ ቁም ጽሕፈት በአባቴ እጅ የተማርኩ፣ በጽሕፈቴ የምኮራ።

ጮራ ጭቅጭቅ አመጣብን። በወረቀቶቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በጎኑ ነው፤ ስለዚህ ለእኔ ክፉ ነው፣ አለቀ። ፈንታ ግን ጨረሩን እያሳየ ሙጥኝ አለ። እኔም አባባን ነገሩን ደብቄ፣ "ብርሃን ያለው ሰው አንድ ዓይን ይኖረዋል ወይ?" ብዬ ጠየቅኩት። ቀለሙን መፍጨቱን ሳያቋርጥ፣ "ሰይጣንም ሲያሻው ብርሃን ይለብሳል" አለኝ። እየሮጥኩ ወደ ሙጫው እሳት ሄጄ ለፈንታ ነገርኩት።

"ምነው የሺ! እንዲህ ያለውን ሸጋ ልጅ ምነው ክፉ ነው ትያለሽ?"

"አንድ ዓይን ነው ያለው!"

ፈንታ የሙጫ ማማሰያውን እንደያዘ ወደ ጎን ዞሮ ቆመ። "እስቲ እይኝ። አንዱ ዓይኔ ጠፋ?"

"አይታይም።"

"ክፉ ሆንኩ?"

ሳቅኩ። "ወደ ጎን ስለዞርኩ ነው እንጂ ሌላው ዓይኔ በዚያ በኩል አለ" አለኝ። "ጮራም አውሬውን እያየ ነው። አውሬ እየመጣበት ምነው እኛን ይይ?" በመልስ መሸነፍ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም።

አንድ ቀን የአያ ጓዴ ሣጥን አለቀ። ስኳሩ በባዶ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ጮራን የተውነው ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ አውሬው ከላይ ቆሞ ነበር። እውነት ልናገር፣ ሰው የሞተብኝ ያህል ከፋኝ። በሳምንቱ ግን ፈንታ አንድ ደብተር ከአኮፋዳው አወጣ፤ ቅዱሳን ከተሣሉበት ቀለም የተረፈውን በውኃ ይሁን በምን እንዳለሰለሰው አላውቅም፣ ጮራ ከገደሉ ሲወጣ ሥሎታል። ገደሉ የጃናሞራ ገደል ነው። ጮራ ደበሎ ለብሷል። አውሬውን የሚያሳድደው ዝንጀሮ በሚግጥበት ሜዳ ላይ ነው። ከአፋቸው ደመና አውጥቶ ባዶ ትቶልኛል። "አንቺ ጻፊበት" አለኝ።

ያ ዓመት የሕይወቴ ሸጋው ዓመት ነበር። በየእሑዱ አንድ ገጽ ይወጣል፤ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ መንግሥቱ የውጭ አጥር ሥር የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ እኔ ደመናውን አነባለሁ፣ ፈንታ ደብተሩን ይገልጣል። ንግግሩን የምፈጥረው እኔ ነበርኩ። ጮራ እንደ ቅኔ ተማሪ ይራቀቃል፣ አውሬው እንደ ገበያ ሴት ይሳደባል። ልጆቹ "ከዚያስ? ከዚያስ?" ሲሉ ሁለታችንም እንኮራለን። ፈንታ ጮራን አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ በጎን ይሥለዋል፤ ልጆቹ መጀመሪያ አንጎራጎሩ፣ በኋላ ለመዱት። በሦስት ወር ውስጥ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ደግ ሰው መኖሩን ተቀበለ። ከእኔ በቀር። እኔ ደመናውን እየጻፍኩም እከራከር ነበር።

በዚያው ክረምት መውጫ አባባ ከከተማው ወጣ ላለች አንዲት ደብር ሥዕል ያዘ። ስሟን አልጠራም። ከሥዕሎቹ አንዱ ገና ጺም ያላበቀለ ወጣት ሰማዕት በክፉ ንጉሥ ፊት ቆሞ የሚያሳይ ነበር። አባባ ንጉሡንና ገራፊዎቹን ጨርሶ ወደ ሰማዕቱ ሊያልፍ ሲል ንዳድ ጣለው። በዓሉ ደርሷል። ከተኛበት ሆኖ ፈንታን ጠራውና "አንተ ጨርሰው። እጅህን አምኜዋለሁ" አለው። ተማሪ ፊት እንዲሥል መፈቀዱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፈንታ ጉልበት ሳመ። ይህ ሥዕል ካማረለት ሠዓሊ ሊባል ነው፤ ለእናቱም ገንዘብ ሊልክላት ነው።

እኔ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። አቡጀዲው ላይ የከሰል ንድፍ ብቻ ነበር። ሰማዕቱ እንደ ሥርዓቱ ወደ እኛ ዞሯል። አፌን ምን በላኝ! "እንግዲህ የጮራህ ጽድቅ ይታይ" አልኩት። "አውሬ ሲመጣበት እኛን ምነው ይይ ስትል አልነበር? ይኼስ ንጉሡ እየጮኸበት ምነው እኛን ያያል? ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን ፈርተሃል።" ፈንታ የያዘውን ከሰል አስቀመጠ። ንድፉንም በክንዱ ጠረገው። ያሸነፍኩ መስሎኝ እየዘለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሥዕሉ በተለጠፈ በማግሥቱ ቀትር ላይ የደብሩ አለቃ ከሁለት ካህናት ጋር ግቢያችን ገቡ። አባባ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ፀሐይ ይሞቅ ነበር፤ ፈንታ ሙጫው ዘንድ ነው፤ እኔ ለእንግዶቹ እጅ ማስታጠቢያ ውኃ ይዤ ወጣሁ። አለቃው ሳይቀመጡ ወደ ፈንታ ዞሩ።

"ሰማዕቱን ከገዳዮቹ ጋር አስተካክለህ ሣልከው? ሕዝቡ ለማን ይስገድ? ለባለ አንድ ዓይን?"

"አባቴ፣ ንጉሡን እያየው ነው" አለ ፈንታ። "ሳይፈራ እያየው ነው።"

"ይህን ማን አስተማረህ? ጌታህ?"

"የኔታ አላስተማሩኝም።"

አንዱ ካህን አኮፋዳውን አራገፈው። ቁራሽ እንጀራ፣ ብሩሽ፣ የስኳር ወረቀቶቹና ደብተሩ ወደቁ። አለቃው ደብተሩን ገልጠው አንዱን ደመና ጮክ ብለው አነበቡ፤ ጮራ አውሬውን የሰደበበት ነበር። የኔ ቃል በእሳቸው አፍ ሲነበብ ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። "ይህ የሱ ጽሕፈት አይደለም" አሉ። "የማን ነው? ይኼን ጣጣ ከሱ ጋር ማን ሠራው?" ደብተሩንም ለአባባ ሰጡት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አባባ ያን ጽሕፈት በገዛ እጁ፣ እጄን በእጁ ይዞ ያስተማረኝ ሰው ነው። ገጹን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋው።

"የኔ ነው" አለ ፈንታ። "እኔው ነኝ የጻፍኩት። ተጠንቅቄ ስጽፍ ያምርልኛል።"

ማንም አላመነውም። ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ "እኔ ነኝ" ማለት። "ሣለው ያልኩትም እኔ ነኝ" ማለት። ለብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩት አባቴ እንጀራውን እንዳያጣ ብዬ ነው የሚል ነበር። ውሸት ነው። የፈራሁት አለንጋውን ነው፤ ከአለንጋውም በላይ የሰፈሩ ልጆች ፊት መዋረዱን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ነቅዟል፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲበላኝ ኖሯል።

ፈንታ ከግቢው እንዲወጣ ተፈረደ፤ በጎንደር አድባራት ሁሉ ብሩሽ እንዳይሰጠው አለቃው አዘዙ። ደብተሩን አባባ ራሱ ሙጫው እሳት ውስጥ ጣለው። ፈንታ ጮራ ሲቃጠል ቆሞ አየ። ከዚያ ደበሎውን አራግፎ፣ አባባን እጅ ነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። እኔ ሮጬ ቤት ገብቼ ከበሩ ጀርባ ተለጥፌአለሁ። ደጃፉ ላይ ቆመ።

"የሺ፣ ደኅና ሁኚ" አለ።

በሁለታችን መካከል ያለው የበሩ ሳንቃ ብቻ ነበር። አልከፈትኩለትም። ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ የእግሩ ኮቴ ራቀ። ወደዚያች እናቱ በምን ፊት እንደሄደ፣ ሄዶም እንደሆን አላውቅም።

አባባ ሲሻለው ሄዶ ሰማዕቱን አስተካከለው። ዛሬም ደብሯ ብትሄዱ ሰማዕቱ በሁለት ዓይኑ እናንተን ያያል፤ ንጉሡ በጆሮው ይጮኽበታል። አባባ ከዚያ በኋላ ተማሪ አልተቀበለም። እኔንም ጻፊልኝ ብሎ አያውቅም። በመካከላችን ነገሩ አንድም ቀን አልተነሣም፤ ሲሞትም አብሮት ተቀበረ። አንዳንድ ጊዜ እንኳን አላነሣው እላለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያኔ ቢገርፈኝ ኖሮ ምናለ እላለሁ።

ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል አለፈ። አስተማሪ ሆኜ ነበር፤ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ፣ ከክንዴ የማይለይ ቡናማ ቦርሳ፣ እንደ ጊዜው ፋሽን ያበጠ ፀጉር። የተሳፈርኩባት ማኪና ማክሰኝት ላይ ቆመች። የገበያ ቀን ነው፤ የጤፍ ጆንያ፣ በግ፣ አቧራ፣ ጫጫታ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ይሥላል። የሚሥለው ጎረምሳ ፀጉሩን በደንብ የተቆረጠ ነው፤ ፊቱን ወደ ገበያው መልሶ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያያል። ሰውዬው ብሩሹን በጥርሱ ነክሶ ጎንበስ ሲል ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ብሩሽ እንደዚያ የሚነክስ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ፈንታ ከመሰላሉ ወረደ። ሥራውን ለማየት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ማኪናዋ አጠገብ ደረሰ፤ ቀና አለና አየኝ። ሸምግሎ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳያልፈው። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ "የሺ?" ነው ያለው፣ በጫጫታው አልተሰማም እንጂ። ለዚያ ቀን ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቃል ሳዘጋጅ ኖሬ ነበር። ይቅር በለኝ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ሰማዕቱ እውነትም ንጉሡን ማየት ነበረበት፣ አንተ ነበርክ ልክ የሚለውን። መስኮቱ ክፍት ነው። እጄን ብዘረጋ ትከሻውን እነካዋለሁ።

ፊቴን ዞር አድርጌ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ "አሁን ስንት ሰዓት ይሆን?" ብዬ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ሰዓት አልነበራቸውም፤ እኔ ግን ክንዴ ላይ ነበረኝ። ማኪናዋ እስክትንቀሳቀስ ድረስ አንገቴን አልመለስኩም። ፈንታ ከዚያ ቆሞ የሚያየው የኔን አንድ ጎን ነበር፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን። ከማክሰኝት እንደወጣን ነው ይህ የገባኝ፤ ሲገባኝም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ።

በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጄ ፈልጌዋለሁ። ፀጉር ቤቱ አለ፣ ማስታወቂያው አለ፤ ሠዓሊውን ግን ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ "እንግዳ ሰው ነበር አያ ፈንታ፤ ለልጆች በነጻ ይሥል ነበር" አለኝ። ምን እንደሚሥል አልጠየቅኩም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኪሩቤል እርሳስና ወረቀት ይዞ በረንዳ ላይ መጣብኝ። የራሱን መጽሐፍ ሊሠራ ነው፤ እኔም እገባበታለሁ አሉ። "እማማ፣ ልሣልሽ። ወደ እኔ እዪ" አለኝ። ወንበሬን ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ በኩል አዞርኩና ተቀመጥኩ።

"እንዲህ ከሆነ አንድ ዓይንሽ ብቻ ነው የሚታየው" አለ። "ይሁን?"

"ይሁን፣ ልጄ። እንደዚያው ሣለኝ።"

እርሳሱን ምላሱ ላይ አርጥቦ ትንሽ አሰበ። "ግድ የለም" አለኝ፣ "ሌላው በዚያ በኩል አለ።" ከዚያ መሣል ጀመረ፤ እኔም አንገቴን ሳላንቀሳቅስ ተቀመጥኩለት።